ሳልፈልገው ስለሚመጣብኝ ክፉ ሀሳብ፦ ድሬ ላይ እንደኔ የሆነ ሰው አለ?

የሳቢያን እናት · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ማን እንደሆንኩ ስለማታውቁ ነው የደፈርኩት።

ከወለድኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ነፍሴን ብሰጣት አይቆጨኝም። ግን ሳጥባት፣ ወይም ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ተኝታ ሳያት፣ ድንገት አንድ ሀሳብ ብልጭ ይልብኛል። «ውሃው ውስጥ ብደፍቃትስ?» «ቢላውን ብሰነዝርባትስ?» ቤታችን ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳ ላይ አቅፌያት ስቆም ደግሞ «ብለቃትስ?» ይለኛል። ያኔ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ልቤ ይመታል፣ በላብ እጠመቃለሁ።

ቢላዎቹን በሙሉ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ሽንኩርት የምትከትፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። በረንዳውን ቆልፌ ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። በዚህ ሙቀት በረንዳ ዘግቶ መኖር ምን እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ሀሳቡ ሲመጣ እጸልያለሁ፣ ዘፈን እከፍታለሁ፣ ራሴን እቆነጥጣለሁ። ይብስበታል እንጂ አይሄድም። ሌሊቱን «እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?» እያልኩ ነው የማነጋው።

አንዲት ጓደኛዬ «አትታገይው፣ ዝም ብለሽ እይው» የሚል ምክር ሰምቻለሁ አለችኝ። እንዲህ ያለ ሀሳብ እንዴት ነው ዝም ተብሎ የሚታየው? የሞከረው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ለገሃር · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡41

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ በእግሬ በተሻገርኩ ቁጥር «ብዘልስ?» የሚል ነገር ይመጣብኛል። መሞት አልፈልግም፣ ሕይወቴን እወዳለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ያንቺን ሳነብ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

የገንደቆሬ ልጅ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡58

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ እኔ «ዝም ብለሽ እይው» የሚለው አይዋጥልኝም። ክፉ ሀሳብ ከሰይጣን ነው። ቁጭ ብለሽ ስታዪው ቦታ እየሰጠሽው ነው። ጸሎት ያዢ፣ ጠበል ግቢ። ለክፉ ብዬ አይደለም፣ ልጅቷም አንቺም እንዳትጎዱ ብዬ ነው።

ሲስተር ከከዚራ · ማክሰኞ ከምሽቱ 5፡30

የሳቢያን እናት፣ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ድሬ ነው የምሠራው። አንቺን ሳላይ በጽሑፍ ብቻ ምርመራ አልሰጥም። የማውቀውን ግን እነግርሻለሁ።

ከሁሉ በፊት እነዚህን መልሺልኝ። ልጅሽን እንድትጎጂ የሚያዝዝሽ ድምፅ ይሰማሻል? ልጅቷ የኔ አይደለችም፣ ወይም አንድ ክፉ ነገር አድሮባታል ብለሽ ታምኛለሽ? እንቅልፍ በዓይንሽ ሳይዞር እያነጋሽ ድካም ግን የማይሰማሽ ነገር አለ? ራስሽን ማጥፋት ያምርሻል? ለአንዱም ቢሆን መልስሽ «አዎ» ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ። አሁኑኑ ለባለቤትሽ ንገሪውና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከወሊድ በኋላ ከ1,000 እናቶች 1 ወይም 2 የሚሆኑትን የሚይዝ፣ ሳይኮሲስ የሚባል ሌላ ከባድ ሕመም አለ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። ፈጥኖ ከተደረሰበት በደንብ ይታከማል።

ከጻፍሽው የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ሀሳቡ ያስደነግጥሻል፣ ያስጠላሻል፣ ትሸሺዋለሽ። ልጇን ልትጎዳ የተነሳች ሴት ቢላ አትሰቅልም።

በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ፌርብራዘር እና ዉዲ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶችን ጠይቀው ነበር። «ልጄ አንድ ነገር ትሆን ይሆን» የሚል ሀሳብ ያልመጣባት እናት የለችም ማለት ይቻላል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሆን ብለው ልጃቸውን የመጉዳት ሀሳብ ሳይፈልጉት ብልጭ ብሎባቸው ያውቃል። ግማሽ ያህሉ! እኛ ጋ የአራስ ጥሪ ላይ ገንፎ ከበው ከሚስቁት ሴቶች መሃል ስንቷ ይህን በሆዷ ይዛ እንደተቀመጠች አስቢው።

እናት ላልሆነውም እንዲሁ ነው። ራክማን እና ዴ ሲልቫ በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ባጠኑት ጥናት ከ10 ጤነኛ ሰዎች 8ቱ ያህል እንዲህ ያለ ያልተጠራ ሀሳብ እንደሚመጣባቸው ተናግረዋል። የጤነኞቹና እንዲህ ያለው ሀሳብ ሕመም የሆነባቸው (ሕመሙ ኦሲዲ ይባላል) የታማሚዎቹ ሀሳብ ተጽፎ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ባለሙያ እንኳ የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ይቸገር ነበር። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ13 አገሮች 777 ተማሪዎችን ጠየቀ። 94 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሀሳብ ሳይፈልጉት መጥቶባቸዋል። ለገሃር፣ ያንተም የድልድይ ሀሳብ እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው።

ልዩነቱ ሀሳቡ ከመጣ በኋላ በምናደርገው ላይ ነው። አንዱ «ምን ዓይነት ነገር ነው» ብሎ ሽንኩርቱን መክተፍ ይቀጥላል። ሌላው «ይህን ካሰብኩ አደርገዋለሁ ማለት ነው» ብሎ ይደነግጥና ቢላ ይደብቃል። ቢላው ሲደበቅ አእምሮ «አሃ፣ አደጋ ነበር ማለት ነው» ብሎ ይመዘግባል። በማግስቱ ዘበኝነቱ ይብስበታል።

ለማባረር መታገሉ ለምን እንደማይሠራ ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ በ1987 አሳይቷል። ተማሪዎችን «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፣ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አላቸው። ደወሉ መመታቱን አላቆመም። የባሰው ቀጥሎ ነው፦ «አሁን እንደፈለጋችሁ አስቡ» ሲባሉ፣ ቀድመው የተከለከሉት ላይ ድቡ ካልተከለከሉት ይበልጥ ይመላለስባቸው ነበር። ሀሳብን «አለ ወይስ ሄደ?» እያሉ መጠበቅ ራሱ ይጠራዋል።

እንዴት ዝም ተብሎ እንደሚታይ ነገ እጽፍልሻለሁ። አሁን የጠየቅኩሽን መልሺልኝ።

የሳቢያን እናት · ማክሰኞ ከምሽቱ 5፡44

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድምፅ አይሰማኝም። ልጄ ልጄ ናት። መሞትም አልፈልግም። እንቅልፍ ሲያጣኝ እደክማለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ያዞረኛል። እያለቀስኩ ነው የማነበው።

የጀጎል ልጅ · ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡05

ከሐረር ነኝ። እኔን የያዘኝ በኛ ሰፈር ውስዋስ የምንለው ነው። ለሶላት ውዱእ አደርግና «ታጠብክ ወይ? እግርህ ጋ ውሃ ነክቷል?» ይለኛል። እደግማለሁ። ሶላት ስጀምር ደግሞ ስለ ፈጣሪ አፌ ላይ ላነሳው የማልደፍረው ሀሳብ ይመጣል። ጀመዓው ሲወጣ እኔ ገና ቧንቧው ጋ ነኝ። የውሃ ፈረቃ ባለበት ከተማ ያን ያህል ውሃ መጨረሴ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሸኽ ጠሩኝና አስቀመጡኝ። የነቢዩ ባልደረቦች መጥተው «በአፋችን ልንናገረው የሚከብደን ነገር በውስጣችን ይመጣል» ባሏቸው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ይህ ግልጽ እምነት ነው» እንዳሏቸው ነገሩኝ። ሀሳቡ የከበደህ እምነት ስላለህ ነው ማለታቸው ነው። ስለ ውዱእም አንድ ደንብ ሰጡኝ፦ እርግጠኛ የሆንክበት በጥርጣሬ አይፈርስም። አንዴ ታጥበሃል፣ በቃ፣ ጥርጣሬው እያለ ስገድ አሉኝ። ጥርጣሬው እስኪለቅህ ጠብቅ አላሉኝም።

የገንደቆሬ ልጅ ወንድሜ፣ «ማየት ቦታ መስጠት ነው» ያልከውን እኔም አስብ ነበር። ሐረር ስትመጣ የጀጎልን ግንብ እይ። ታች ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ ድሮ ሆን ተብለው የተተዉ። ሌሊት ጅቡ ይገባል፣ በጠባቡ መንገድ ያልፋል፣ የሚለቅመውን ለቅሞ ይወጣል። የኛ ሰው ዱላ ይዞ አይወጣበትም፤ በሩንም ከፍቶ «ግባ» አይለውም። መኖሩን ያውቃል፣ እንቅልፉን ይተኛል። እኔ ሀሳቤን ማየት የጀመርኩት እንደዚያ ነው።

የገንደቆሬ ልጅ · ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡10

ጥሩ ተናገርክ አቦ። ግን ያንተ ውዱእ ነው፣ የሷ ሕፃን ልጅ ናት። ሕፃን ባለበት «ጥርጣሬው እያለ ቀጥይ» ማለት አይከብድም?

ሲስተር ከከዚራ · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡15

ይከብዳል። የሚከብደውም ሀሳቡ ትልቅ ስለሚመስል ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው። «የማይጠቅም» ብለን በቀላሉ የምናልፈው ሀሳብ አይመላለስብንም። አእምሮ የሚነክሰው በጣም የምንወደው ነገር ላይ ነው፦ ሃይማኖተኛውን በፈጣሪ፣ እናትን በልጇ፣ ጨዋውን በነውር። ጠበልና ጸሎትን አልቃወምም፤ እኔም እጸልያለሁ። ጸሎቱ ከፈጣሪ ጋር ለመነጋገር ከሆነ እሰየው። ሀሳቡን ለማጥፋት ሃያ ጊዜ የሚደገም ከሆነ ግን ከቢላ መደበቅ አይለይም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ነገ ልጅሽን ስታጥቢ እንዲህ አድርጊ። ውሃውን በክርንሽ ለኪው። ሙቀቱን ልብ በዪው። ልጅቷን አስገቢያት፣ አንገቷን የደገፈው እጅሽ ላይ ክብደቷ ይሰማሽ። ሳሙናው ሲያሟልጭ ይሰማሽ። ሀሳቡ ይመጣል። ሲመጣ በልብሽ «ልጄን ብደፍቃት የሚል ሀሳብ መጣ» በዪ። «ልደፍቃት ነው» አይደለም፤ «የሚል ሀሳብ መጣ» ነው። ያን አንዴ በዪና ሰውነትሽን እዪ። ልብሽ እየመታ ነው? ይምታ። ትከሻሽ ጆሮሽ ደርሷል? አይተሽው እንደሆነው ተዪው። ከዚያ ጆሮዋን ጀርባ ማጠብ ቀጥዪ። ልጅቷን አትልቀቂ፣ አትቸኩዪ፣ እናትሽን አትጥሪ። «አላደርገውም፣ አላደርገውም» እያልሽም አትከራከሪው። ሀሳቡ አብሮሽ ይቆይ፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ። እንደገና ከመጣ እንደገና አንዴ ትጠሪዋለሽ፣ ወደ ሳሙናው ትመለሻለሽ።

በቃ ይኸው ነው። ረጅም ቁጭ ማለት፣ ዓይን መጨፈን፣ ልዩ አተነፋፈስ አያስፈልገውም። የአሜሪካው ጆን ካባት-ዚን በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕመምተኞችን እንዲህ ያለውን ልምምድ ማስተማር ሲጀምር ሰው አሁን ያለበትን ቅጽበት ሳይፈርድበት እንዲያይ ነበር የሚያሠለጥነው። ዋናው «ሳይፈርድበት» የሚለው ነው። አንቺ ሀሳቡን ታዪዋለሽ፤ ግን በየጊዜው ራስሽን ፍርድ ቤት አቁመሽ ነው የምታዪው።

የነምበር ዋን ተማሪ · ረቡዕ ከምሽቱ 2፡50

ሲስተር፣ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኔ ሀሳብ የሚብሰው ከሰዓት በኋላ ቅሜ ማታ ላይ ነው። ምርቃናው ሲወርድ አንድ ሀሳብ ይይዘኝና እስከ ንጋት አይለቀኝም። ሳልቅም ስቀር ደግሞ ዱካክ ይጫወትብኛል። ይሄ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሲስተር ከከዚራ · ረቡዕ ከምሽቱ 3፡20

በደንብ ይገናኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲወርድ ድብርት ያመጣል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ የመጣበትን ሀሳብ ለመልቀቅ አቅም የለውም። ሀሳብህን ለማየት ከመሞከርህ በፊት ቅሚያውን ቀንስ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጭራሽ ተው። የማቆም ሰሞን ዱካኩ ይበረታል፤ እየቆየ ይቀላል። ያኔ የሚቀረውን ሀሳብ እናየዋለን። ቡናም ቢሆን ለሚጨነቅ ሰው ከሰዓት በኋላ አይመከርም። ድሬ ላይ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

አንድ ዲያቆን · ሐሙስ ከጠዋቱ 12፡40

እህቴ፣ እኔም ስለ ንስሐ አንድ ነገር ልጨምር። አባቶቻችን ሀሳብ መምጣቱን ከመስማማት ይለዩታል። ሳይጠራ የመጣ ሀሳብ በደል ተብሎ አይቆጠርም፤ ሰው ወዶ ተቀብሎ አብሮት ሲያሴር ነው ነገሩ የሚለወጠው። ስለ አንድ የግብፅ በረሃ አባት የሚነገር ታሪክ አለ። አንድ ወንድም መጥቶ «ሀሳብ በዛብኝ» ቢላቸው ወደ ውጭ አወጡትና «ልብስህን ከፍተህ ነፋሱን ያዘው» አሉት። «አልችልም» አላቸው። «ሀሳብም እንዳይመጣ ማድረግ አትችልም» አሉት።

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ስለማውቅ ነው። ያንኑ ሀሳብ ለመናዘዝ በየሳምንቱ ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሄድ ነበር። ሲናዘዝ ለአንድ ቀን ይቀለዋል፣ ከዚያ «በደንብ አልተናገርኩትም ይሆናል» ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻ አባ «የተናዘዝከውን ሁለተኛ ይዘህ እንዳትመጣ፤ ይህ ግዝት ነው» አሉት። ያን ሰሞን ተጨንቆ ሊሞትብን ነበር። ቀስ በቀስ ግን ተነሳ።

የሳቢያን እናት · ሐሙስ ከምሽቱ 3፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሞከርኩት። ሳጥባት መጣ። «የሚል ሀሳብ መጣ» አልኩ። ቆሜ አየሁት። ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት፣ አልሄደም። ልቤም እየመታ ነበር። ምን ላይ ነው የሳትኩት? ደግሞ ሲስተር፣ እንዲህ ያለ ሀሳብ ኖሮባት ልጇን የጎዳች እናት አይተሽ አታውቂም አይደል? እርግጠኛ ነሽ አላደርገውም?

ሲስተር ከከዚራ · ሐሙስ ከምሽቱ 3፡50

«ጠበቅኩት» ያልሽው ላይ ነው። እስኪሄድ የምትጠብቂው ከሆነ ማየቱ ሌላ ማባረሪያ ሆኗል። እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚቸገሩት። ዘዴውን ይይዙታል፤ ግን «ስንት ደቂቃ ሲሆን ይጠፋል?» ብለው ይሰፍሩታል። ነገ ስትሞክሪው ሀሳቡ ሄደ አልሄደ እንዳትፈትሺ። የምትፈትሺው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅቷ ታጥባለች ወይስ አልታጠበችም? ታጥባ ከወጣች ሞክረሽዋል ማለት ነው፣ ልብሽ እንደ ከበሮ ቢመታም።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን አልመልሰውም። ቅር አይበልሽ፤ ስለምወድሽ ነው። ማክሰኞ የሚበቃሽን ነግሬሻለሁ። ዛሬ «እርግጠኛ ነኝ» ብልሽ እስከ ነገ ጠዋት ይቀልሻል። ነገ ማታ «በደንብ አልገለጽኩላትም ይሆናል» ትያለሽ። ዲያቆኑ የጻፈው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው፣ የጀጎል ልጅም ቧንቧው ጋ። «እርግጠኛ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣም «እርግጠኛ መሆን አለብኝ የሚል ሀሳብ መጣ» በዪውና ሥራሽን ቀጥዪ። ባለቤትሽንም፣ ጓደኛሽንም፣ ጉግልንም አትጠይቂ።

ለገሃር · ሐሙስ ከምሽቱ 4፡12

ሲስተር፣ ይሄ ትንሽ አልጨከነም? ጨንቋት እኮ ነው።

ሲስተር ከከዚራ · ሐሙስ ከምሽቱ 4፡25

ገብቶኛል ወንድሜ። ለዚህ ሕመም፣ ለኦሲዲ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ፍቱን ተብሎ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው። ቪክቶር ማየር የተባለ ሰው በ1966 ለንደን ውስጥ ሁለት ታማሚዎችን የሚፈሩት ነገር ፊት አቁሞ ማረጋጊያ ድርጊታቸውን እንዳይፈጽሙ አደረገ። ሁለቱም በጣም ተሻላቸው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተፈትኗል። ፍርሃቱ ሳይሸሹት፣ ሳይፈትሹት፣ «አይዞህ» ሳይባል ሲቀር አእምሮ ቀስ ብሎ አደጋ አለመሆኑን ይማራል። ሀሳብን ማየት ደግሞ ያን ጊዜ ለመቆየት ይረዳል። በመጀመሪያ ጭንቀቱ ከፍ ይላል፤ ይህን ሳልነግራት ባልፍ ነው የምጨክንባት።

ብቻዋን እንድትወጣውም አልፈልግም። ቢላዎቹ መውረዳቸውና በረንዳው መከፈቱ በደረጃ፣ ከባለሙያ ጋር እየተመካከረች ይሁን።

የደቻቱ ዳር · አርብ ከቀኑ 8፡30

ልጄ፣ አንዲት አሮጊት ነኝ፤ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የኔ ሌላ ነው። በ1998ቱ (በኛ አቆጣጠር) ጎርፍ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ቤታችን ዳሩ ላይ ነበር። ያን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ጎረቤቶቼን አጥቻለሁ። ዛሬም ክረምት ላይ በተራራው በኩል ደመና ሲጠቁር ያ ድምፅ ይመጣብኛል፣ ጩኸቱ ይሰማኛል። እኔም ይህን ዝም ብዬ ልየው?

ሲስተር ከከዚራ · አርብ ከምሽቱ 1፡40

እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የእርስዎ ይለያል። የሳቢያኗ ልጅ የሚመጣባት ያልሆነ ነገር ነው። በእርስዎ ላይ የሚመጣው የሆነ ነገር ነው፣ ትዝታ ነው። ዓይንን ጨፍኖ ረጅም ሰዓት እሱን ማየት እንዲህ ላለው ሰው አንዳንዴ ያባብስበታል፤ ብቻዎን አይሞክሩት።

ሲመጣብዎት ዓይንዎን ይክፈቱ። እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፣ የወለሉን ቅዝቃዜ ይስሙት። ክፍሉ ውስጥ ያለውን በስሙ ይጥሩ፦ ጀበናው፣ ምንጣፉ፣ የልጅ ልጅዎ። «ያ በ1998 ነበር፣ ዛሬ ቤቴ ነኝ» ይበሉ። የልጅ ልጅዎ እንዲህ ሲሆኑ ካየ እጅዎን ይዞ ያናግርዎት። እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ደግሞ ሕክምና አለው። ይህን ያህል ዓመት ቆይቷል ብለው አይተዉት።

የጀጎል ልጅ · አርብ ከምሽቱ 2፡15

እማማ፣ አላህ ሰላሙን ይስጥዎት። እኔ የታከምኩት ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው። ከደንገጎ ወዲህ ላለ ሰው ሩቅ ስለሆነ ድሬ የቱ ጋ እንደሚሻል ሲስተር ይንገሩን።

ሲስተር ከከዚራ · አርብ ከምሽቱ 2፡30

ድሬ ላይ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለው። ካርድ ስታወጡ «ሳይካትሪ» ማለት ይበቃል፤ በር ላይ ለማንም ማብራራት የለባችሁም። ውስጥ ስትገቡ ግን ሀሳቡን እንደመጣ ተናገሩት። «ጭንቀት አለብኝ» ብቻ ብላችሁ ከወጣችሁ የእንቅልፍ ክኒን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ዋናው ሳይነካ። በአፍ መናገር ከከበዳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

የገንደቆሬ ልጅ · አርብ ከምሽቱ 3፡00

ሲስተር፣ ሰሞኑን ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። አሁንም ጠበሉን አልተውም። ግን ወንድሜ አለ፣ በር ቆልፎ አሥር ጊዜ እየተመለሰ የሚያይ። ሰነፍ መስሎኝ እጮህበት ነበር። ሰኞ ይዤው እመጣለሁ። ከኔ ጋር ጠበልም ይገባል፣ ሐኪምም ያየዋል።

ሲስተር ከከዚራ · አርብ ከምሽቱ 3፡08

ጎሽ፣ የኔ ወንድም። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እስከ ሰኞ «ቆልፈሃል፣ አይዞህ» እያልክ ለሱ እንዳትፈትሽለት ብቻ።

የሳቢያን እናት · እሑድ ከምሽቱ 2፡20

ዛሬ ጠዋት ለባለቤቴ ነገርኩት። ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የሰጠሁት፣ ሲስተር እንዳለችው። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ቁልፉ ለዚህ ነው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ልጅቷን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ቢላዎቹ ገና አልወረዱም። አንዷን ትንሿን ብቻ አውርጃለሁ። ዛሬ ቲማቲም ከተፍኩባት፣ ልጄ ምንጣፍ ላይ እየተንፏቀቀች። ሀሳቡ መጣ። መምጣቱን አየሁ። ቲማቲሙ በጣም ስለበሰለ ጭማቂው ጣቶቼ መሃል ይፈስ ነበር፣ እሱንም አየሁ። ሀሳቡ የሄደው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ አልፈተሽኩም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ነገር ልጠይቅ፣ ይሄ የማረጋገጫ ጥያቄ አይደለም፦ መድኃኒት ካዘዙልኝ ጡት ማጥባት አቆማለሁ?

ሲስተር ከከዚራ · እሑድ ከምሽቱ 2፡55

ይህኛውን እመልሳለሁ። ብዙውን ጊዜ ማቆም አያስፈልግም። ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት መድኃኒቶች ወደ ጡት ወተት የሚገቡበት መጠን ይለያያል። ሰርትራሊን በጣም ትንሽ ነው የሚገባው፤ ለምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ እሱ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ፍሉኦክሰቲን ከሱ በላይ ይገባል። የሚወስነው የሚያይሽ ሐኪም ነው፣ ፋርማሲ ሄደሽ በራስሽ እንዳትገዢ። መድኃኒት ከተጀመረም ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ለዚህ ሕመም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት «አልሠራም» ብለሽ እንዳትጥዪው። ሁሉም እናት መድኃኒት ያስፈልጋታል ማለትም አይደለም።

ክፍሉ ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው እያጠባሽ መሆንሽን ይሁን። ልጅቷንም ይዘሻት ሂጂ፤ መጠበቂያው ላይ ወረፋ ስላለ ውሃና ዳይፐር አትርሺ።

የሳቢያን እናት · እሑድ ከምሽቱ 3፡02

እሺ ሲስተር። ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ አብረን እንሄዳለን። ያሉኝን እዚሁ እጽፋለሁ።